«አልችልም» ማለት ክፋት አይደለም

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ በሐርጌሳ ያለነውንም ሆነ በካምፕ የምትኖሩትን የሚነካ ነው። ጉዳዩ ይሉኝታ ነው።

እንደሚታወቀው የስደት ኑሯችን የጋራ ነው። አንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ይከራያል፣ አንድ ክፍል ሦስትና አራት ሰው ያድራል፣ ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት ይጠራራል። ይህ መተጋገዝ ባይኖር ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ባልቆምን ነበር። ችግሩ የሚመጣው «ሰው ምን ይለኛል» ብለን የማንችለውን እሺ ስንል ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እናጣለን፣ ከወዳጅ ጋር እንኮራረፋለን፣ ስንጸልይም ስንሰግድም ልባችን ሌላ ቦታ ይሆናል።

ሶማልኛ ስንጀምር ቶሎ የያዝናት ቃል «ሀዬ» ናት፤ እሺ ማለት ነው። «ማያ» ማለት «አይ» መሆኑን እያወቅን ግን ከአፋችን አትወጣም። ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ከተስማማችበት ሰዓት በላይ ቆይ ስትባል «ሀዬ»፣ የቀን ሠራተኛው ወንድማችን ያለ ክፍያ ይህንንም ጨምር ሲባል «ሀዬ» ይላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሰዓቱንና ክፍያውን ተነጋገሩ፤ ኋላ ለመናገር ድፍረት ይሰጣል። እምቢ ማለት አደጋ የሚያመጣባችሁ ከሆነ ግን ብቻችሁን አትጋፈጡ፤ ለምታምኑት ሰው ወይም ለዩኤንኤችሲአር ቢሮ ንገሩ።

ሌላው ገንዘብ ነው። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድን ከጀመረ ወዲህ መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ መለመኑም እንደዚያው ቀሏል። ለቤት ኪራይና ለልጆች ምግብ የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለዩ፣ ከተረፈው የምትችሉትን ስጡ። «ወንድሜ፣ ያልከው የለኝም፣ ያለችኝ ይህች ናት» ብሎ እቅጩን መናገር፣ «ነገ እልክልሃለሁ» ብሎ ስልክ ከማጥፋት ይሻላል። የዛድ ሚስጥር ቁጥር ደግሞ ለወንድምም አይሰጥም።

ሦስተኛው የኬዝ ነገር ነው። «ኢንተርቪው ላይ ምን ጠየቁህ? ከአገር ለምን ወጣሽ?» እየተባለ ሰው ይጨነቃል። የደረሰብንን ለማንና መቼ እንደምንናገር የምንወስነው እኛው ነን። «ይህን አሁን ባናወራ ደስ ይለኛል» ማለት ንቀት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም፣ ተጎጂ ሊናገር ከፈለገ ማዳመጥ እንጂ ተናገር ብሎ መጫን እንደማይገባ ይመክራል። «ኬዝህን አስጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ፣ ወይም «ቪዛሽ በራእይ ታየኝ» ብሎ ስጦታ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ አይሆንም። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ከምዝገባ እስከ ሪሴትልመንት በነጻ ነው።

«ታዲያ ሃይማኖታችን ስጡ፣ እርዱ አይልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይላል፤ ነገር ግን አቅምንም ያያል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ የሕዝቡን ጉዳይ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ እንዲህ ከሆነ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ፣ ሸክሙን ለሌሎች አካፍል ብሎ መከረው። ሙሴም ሰማው። በእስልምናም አቡ ደርዳእ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ብቻ እየተጋ ሚስቱን ሲረሳ፣ ጓደኛው ሰልማን ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው፣ ለሁሉም ሐቁን ስጥ አለው። ነቢዩም ሰልማን እውነቱን ነው ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል።

ስለዚህ የምንለው «ከራስ በላይ ነፋስ» አይደለም። ሰው ሲታመም እንጠይቃለን፣ ለቅሶም እንደርሳለን፤ የደከመ ሰው ግን ማንንም ደግፎ አያቆምም። በቀን ጥቂት ሰዓት ለጸሎት ወይም ለዕረፍት ለብቻችን ብንቀመጥ ጎረቤት «ኮራ» አይበለን። እኛም በተራችን ሌላው «አልችልም» ሲለን ሳናኮርፍ እንቀበለው። እምቢ ያለን ሰው ነገም ቡና ሊጠራን ይችላል፤ ሳይወድ እሺ ያለው ግን ቀስ በቀስ ይሸሸናል።