ትልቅ ፖምፓ ጉልበት አይወልድም

«የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ሞተሩ ከታነቀብህ የቤንዚን ፖምፓው ደክሟል። ትልቅ አስገጥምለት፤ ጉልበትም ይጨምርልሃል።» ይህ ምክር ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ባሉ ጋራዦችና የመለዋወጫ ሱቆች እንደ ሕግ ሲነገር እሰማለሁ። ምክሩን ተቀብለው ደህና ሞተር ያበላሹ ባለታክሲዎች አውቃለሁ። ከኢንጀክሽን መኪና የተነቀለ የኤሌክትሪክ ፖምፓ በካርቡራተር መኪና ላይ ተገጥሞ፣ ቤንዚኑ ገንፍሎ በጋለ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብም አይቻለሁ። ሰው ሊያቃጥል የሚችል ምክር ስለሆነ በዝምታ መታለፍ የለበትም።

ተረት፦ ፖምፓው በተለቀ ቁጥር መኪናው ይበረታል

እውነታ፦ ሞተር የሚቀበለው ቤንዚን በሳበው አየር ልክ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሳይጨምር ቤንዚኑን ብቻ ማብዛት ጭስና ወጪ ያመጣል እንጂ ጉልበት አያመጣም።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት ሐሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ትሆናለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ የሚፈልገው ቤንዚንም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ሾፌሩ «ደጋ ላይ ጉልበት አነሰው» ሲል እውነቱን ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው መድኃኒቱ ተጨማሪ ቤንዚን ነው ሲባል ነው።

ለአሥርት ዓመታት በሐረር ከፈረስ መጋላ እስከ ሸዋ በር ሰው ሲያመላልስ የኖረውን ፔጆ 404 እንውሰድ። ባለ 1,618 ሲሲ የካርቡራተር ሞተሩ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። እግር እስከ መጨረሻው ተረግጦ እንኳ በሰዓት የሚጠጣው 22 ሊትር አካባቢ ነው፤ በደቂቃ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ፖምፓ ጤነኛ ከሆነ ይህን ያለ ችግር ያቀርባል።

ታዲያ ደንገጎ ላይ ሞተሩን የሚያንቀው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። መኪናው ከዚያ ተነስቶ በዝቅተኛ ማርሽ ዳገቱን ሲያያዘው ሞተሩ ይግላል፤ የሚያበርደው ነፋስ ግን ያንሳል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚወርድ ቤንዚን በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። የካርቡራተር መኪና ፖምፓ ደግሞ ሞተሩ ጎን ተጣብቆ ቤንዚኑን ከኋላ ካለው ሳልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ይስባል፤ ስበቱ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይበልጥ ያወርደዋል። ቤንዚኑ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፖምፓው የሚገፋው ነገር ያጣል። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ሲበርድ ምንም እንዳልነበረ የሚነሳው ለዚህ ነው። የተቀደደ የፖምፓ ዲያፍራም በዕረፍት አይድንም።

በተረቱ ውስጥ የእውነት ቁራጭ መኖሩን አልክድም። ሳልባትዮው አጠገብ የሚገጠም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ቤንዚኑን ከመሳብ ይልቅ ይገፋዋል፤ ግፊት ያለበት ቤንዚን ደግሞ በቀላሉ አይፈላም። ይህን አስገጥሞ ደንገጎን ያለ ችግር የወጣ ሾፌር «ትልቅ ፖምፓ ገላገለኝ» ቢል አይፈረድበትም። የገላገለው ግን የፖምፓው ቦታ ነው፤ ትልቅነቱ አይደለም።

ጉዳቱ የሚመጣው ልኩ ሲታለፍ ነው። ካርቡራተር ጣሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ሮቶ ነው፤ ሲሞላ ተንሳፋፊው ተነስቶ መግቢያውን ይዘጋል። ያ መዝጊያ የሚችለው ከባር አንድ አምስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርስ ግፊት ነው። የኢንጀክሽን ፖምፓ ግን 3 ባርና ከዚያ በላይ ይገፋል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። መዝጊያው ይሸነፋል፣ ቤንዚኑ ይገነፍላል። ወደ ውስጥ የገባው የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ፣ ወደ ታች ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል፤ ሞተሩ ከውስጥ ይበላል። ወደ ውጭ የፈሰሰው የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ያርፋል። ፖምፓውን ከቁልፉ በቀጥታ በሽቦ የሚያገናኙም አሉ፤ መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ፖምፓው ቤንዚን መግፋቱን አያቆምም። ይህን እያወቁ «ችግር የለውም» ብለው የሚሸጡ ሰዎች ትዕግስቴን ይጨርሱታል። ትርፉ የሻጩ ነው፤ እሳቱ ግን ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ነው።

ተረት፦ ጉልበተኛ መኪና የተገኘውን ትልቁን ፖምፓ ይፈልጋል

እውነታ፦ ጉልበተኛ መኪና የሚፈልገው በስሌት የተመረጠ ፖምፓ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ 100 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 31 ሊትር ገደማ፣ ቱርቦ ያለው ደግሞ 37 ሊትር ገደማ ይወስዳል። 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለቱርቦ ሞተር 111 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ከመቶ 20 መጠባበቂያ ሲታከልበት 133 ሊትር ይሆናል።

ቀጥሎ የሚታየው ግፊቱ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር ቁጥር በአንድ በተወሰነ ግፊት የተለካ ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር የሚያልፈው ሊትር ይቀንሳል። መነሻው 3 ባር የሆነ ሞተር ቱርቦው 1 ባር ሲጨምር ፖምፓው 4 ባር እንዲገፋ ይገደዳል፤ ስለዚህ በ4 ባር ስንት ሊትር እንደሚሰጥ መጠየቅ ያሻል። ሽቦውም ይታይ፤ ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪኩን ስለሚያደክመው ጥሩ ፖምፓ ሰነፍ ይመስላል።

ከልክ ያለፈ ፖምፓም ነፃ ስጦታ አይደለም። መመለሻ ቱቦ ባለው መኪና የተረፈው ቤንዚን በጋለው ሞተር በኩል ዞሮ ወደ ሳልባትዮው ይመለሳል። ብዙ በተረፈ ቁጥር የሳልባትዮው ቤንዚን ይሞቃል፤ ደንገጎ ላይ የምንሸሸውን ፍላት በገዛ እጃችን እንጠራዋለን።

አጫጭር ተረቶች

«ቤንዚን ውስጥ የተነከረ የኤሌክትሪክ ፖምፓ እሳት ያስነሳል።» አያስነሳም። ሳልባትዮው ውስጥ ያለው የቤንዚን ትነት እጅግ ወፍራም ስለሆነ፣ ለመቃጠል የሚበቃ አየር አያገኝም።

«ቤንዚን እስኪያልቅ መንዳት ምንም አይደለም።» ጉዳት አለው እንጂ። ሳልባትዮ ውስጥ የተነከረውን ፖምፓ የሚያበርደው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው። ወረፋ ሲበዛ ሁሌ መሙላት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ቢቻል ግን ከሩብ ሳልባትዮ አይውረድ።

«ፖምፓው ከጮኸ አልቆለታል።» አስቀድሞ ፊልትሮው ይታይ። በጀሪካን ተገዝቶ ቆሻሻ የተቀላቀለበት ቤንዚን ፊልትሮውን ሲዘጋው ፖምፓው ይጨነቃል።

«ጥቁር ጭስ የናፍጣ መኪና ጉልበት ምልክት ነው።» ጥቁር ጭስ በወጉ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ፖምፓውን ብዙ ናፍጣ እንዲሰጥ ማስከፈት ጥቂት ጉልበት ሊጨምር ይችላል፤ ጭሱ ከጠቆረ በኋላ ግን የሚጨምረው ሙቀትና ወጪ ነው።

«ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠቅለል የድሮ ሰው ወግ ነው።» ወግ ብቻ አይደለም። ጨርቁ ሲደርቅ ሙቀት ይወስዳል፤ ለካርቡራተር መኪና ደህና የመንገድ ላይ መፍትሔ ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያሉን የቤንዚን ሞተሮች ረጅም ዕድሜ እንዲኖራቸው ግድ ሆኗል። ሞተሩ ሲታነቅ መጀመሪያ ፊልትሮውን፣ የሳልባትዮ ክዳኑን መተንፈሻና ቱቦው በጋለ ብረት አጠገብ ማለፍ አለማለፉን እዩ። ቀጥሎ ግፊቱን በመለኪያ አስለኩ። ፖምፓ መቀየር ካለበትም ሻጩን «በስንት ባር ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መመለስ ካልቻለ፣ ዕቃው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን አትግዙት።