ጢም ያወጣው ዓሣ

ዓሣው ሲገዛ የጣት ርዝመት እንኳ አልነበረውም። ሻጩም ስሙን አልጠራም፤ «መስታወት የሚያጸዳው ነው» ብሎ ውሃ በሞላው ፌስታል ቋጥሮ ሰጠ። ጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ባለው የወዳጄ ቤት፣ መቶ ሊትር ገደማ የሚይዘው አኳሪየም ውስጥ ሲለቀቅ ወዲያው መስታወቱ ላይ በአፉ ተለጠፈ። ጠቆር ያለ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ በቅርፊት ፈንታ የአጥንት ጋሻ የለበሰ ፍጥረት ነው።

ወዳጄን ያሳሰበው ግን መልኩ አልነበረም፤ የሚያድግበት ልክ ነው። መስታወት ያጸዳል እየተባለ የሚሸጠው ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም። አንሲስትረስ የሚባለው ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ያቆማል። ቴሪጎፕሊክቲስ ግን 40 ሳንቲ ሜትርን ሊያልፍ ይችላል፤ ለሳሎን የሚሆን እንስሳ አይደለም። ሁለቱም የላቲን አሜሪካ ወንዞች ተወላጆች ናቸው፤ ጫጩት ሳሉ ለመለየት ያስቸግራሉ።

የመጀመሪያው ፍንጭ ከጀርባው ተገኘ። ዓሣው የጀርባ ክንፉን ሲዘረጋ ወዳጄ በስልኩ ፎቶ አነሳና አጉልቶ ቆጠረ። ከፊተኛው እሾህ ቀጥሎ 7 ለስላሳ ዘንጎች አሉ። ቴሪጎፕሊክቲስ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ 10ና ከዚያ በላይ ይሆኑ ነበር። ይህ ግን ግማሽ መልስ ነው፤ 7 ዘንግ ኖሯቸው ትልልቅ የሚሆኑ ሌሎች ዘመዶችም አሉና።

ቀሪውን ግማሽ ያገኙት የወዳጄ እናት ናቸው። ዓሣው አድጎ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አንድ ጠዋት ተጣሩ።

«አንተ፣ ና እስቲ እየው! አፍንጫው ላይ የበቀለው ምንድን ነው? ቁስል እንዳይሆን።»

«ፈንገስ ይሆን እንዴ እማዬ? ቆይ መብራት ላምጣ።»

በባትሪ ሲታይ ፈንገስ አልነበረም። ፈንገስ ያለ ሥርዓት የሚበቅል ነጭ ጥጥ ይመስላል። ይህ ግን ሥጋማ ነው፤ በአፍንጫው ጠርዝ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ በመሃል ወደ ግንባሩ ወጥቶ፣ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። እንዲህ ያለ ጢም የሚያበቅለው ወንድ አንሲስትረስ ነው። ሴቷ ወይ ጭራሽ የላትም፣ ወይ ጠርዙ ላይ ብቻ አጫጭር ይታይባታል። ስሙም ጾታውም በአንድ ጊዜ ታወቀ።

እናትየው ግን በስሙ አልረኩም። «ጢሙ ምን ይሠራለታል?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱንም ያነጋገረ ነው። የጣናው አምባዛ በአፉ ዙሪያ ያለው ጢም በደፈረሰ ውሃ ምግብ መፈለጊያ ነው፤ ስለዚህም ወንዱም ሴቷም አላቸው። የአንሲስትረስ ጢም ምግብ መፈለጊያ ቢሆን ሴቷስ ምን በወጣት? በ1999 እ.ኤ.አ. ማርክ ሳባጅ፣ ጆናታን አርምብረስተርና ሎረንስ ፔጅ አንድ መላ ምት አቀረቡ። በዚህ ወገን ዕንቁላልና ጫጩት የሚጠብቀው አባት ነው። በብዙ የዓሣ ዝርያዎች ደግሞ ሴቷ ልጅ እየጠበቀ ያለውን ወንድ ትመርጣለች። ግንባሩ ላይ የተንጠለጠለው ጢም የጫጩት መንጋ መስሎ ስለሚታይ፣ ገና ጎጆ የሌለው ወንድ ልጅ ያለው አባት ይመስላል ማለት ነው።

ወዳጄ ሴት ጨመረ። መደበቂያ እንዲሆናቸውም እናቱ አንገቱ የተሰበረ ጀበና ያለ ሳሙና ቀቅለው ሰጡት።

ከመራባታቸው በፊት ግን ሌላ እንቆቅልሽ መጣ። ወንዱ ሌሊት ሌሊት ወደ ላይ ተስፈንጥሮ አየር ጎርሶ ይመለሳል። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለው ልዩ አካል አየር ይተነፍሳል፤ አንሲስትረስ ደግሞ አየር ውጦ በጨጓራው ኦክስጅን መውሰድ ይችላል። ይህን የሚያዘወትረው ግን ውሃው ኦክስጅን ሲያጥረው ነው። ጳውሎስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ ከ8 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይቆጥርም። አየር የሚነፋ ፓምፕ ሲገባና ማሞቂያው ወደ 24 ዲግሪ ዝቅ ሲል ወደ ላይ መመላለሱ ቀረ። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያሰጋው የፓምፑ መቆም ስለሆነ፣ በባትሪ የሚሠራ ተጠባባቂም ተገዛ።

ከዚያ ወንዱ ጀበናው ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ምግብም አልፈልግ አለ። ባትሪ ሲበራ ብርቱካናማ የዕንቁላል ዘለላ ታየ፤ አባትየው ላዩ ላይ ሆኖ በክንፉ ያራግባል። ሳምንት ሳይሞላ ተፈለፈሉ። ጫጩቶቹ አስኳላቸውን ሆዳቸው ላይ ተሸክመው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ በአፋቸው ከጀበናው ግድግዳ ተጣብቀዋል። የወዳጄ እናት አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ የአባትየውን ግንባር አይተው «እውነትም ይመሳሰላሉ» አሉ።

ይህን ዓሣ ማርባት ለሚያስብ ሰው ዋናው እንክብካቤ ይህ ነው፦ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት በርሜል ውስጥ ማሳደር፤ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል መቀየር። አልጌ ብቻውን ስለማይበቃው ቀቀል ያለ ዝኩኒ፣ ጎመን ወይም ኪያር መስጠት፤ የተረፈውን በማግስቱ ማውጣት። የሚፍቀው እንጨትም አይጥፋበት።

አንድ አደራ ደግሞ አለ። ዓሣው ቢበዛብዎ ወይም ያሳደጉት ትልቁ ዓይነት ሆኖ ቢገኝ ለሌላ አርቢ ይስጡት፤ ወንዝ ውስጥ ግን አይልቀቁት። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች በአቃቂ አድርገው አዋሽ ይገባሉ። በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ ግድብ ከአኳሪየም የወጡት የቴሪጎፕሊክቲስ ዘሮች ተራብተው፣ የኛ ቆረሶ ወገን በሆነው ቲላፒያ የሚተዳደሩትን አጥማጆች ለችግር ዳርገዋል። አዋሽ የሚገባበት የቆቃ ሐይቅ አጥማጅ ይህ እንዲደርስበት ምክንያት አይሁኑ።