የአክሲዮን ትርፍና የብር የመግዛት ኃይል

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚነግድ ሰው ስለ ዋጋ መናር አስተማሪ አያሻውም። በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ዳር ሱቅ ከፍቶ የሚውል ነጋዴ፣ አንድ ኩንታል ስኳር ሸጦ በዚያው ገንዘብ ሌላ ኩንታል መተካት ካልቻለ፣ በመዝገቡ ትርፍ ቢጻፍም ሱቁ እንደጎደለ ያውቃል። ሆኖም ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ያተረፈውን ገንዘብ በአክሲዮን ላይ ሲያውል ይህንን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል።

ለምሳሌ አንድ ሰው 100,000 ብር አውጥቶ አክሲዮን ገዛ፤ በየዓመቱም 20,000 ብር የትርፍ ድርሻ ተቀበለ እንበል። የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ የሚጨምር ከሆነ፣ ከ5 ዓመት በኋላ አክሲዮኑን በተጻፈበት ዋጋ ሸጦ የሚያገኘው 100,000 ብር፣ በገዛበት ቀን 40,000 ብር ያህል ይገዛው የነበረውን ብቻ ይገዛል። የ5 ዓመቱ የትርፍ ድርሻም እንዲሁ ሲመነዘር 60,000 ብር ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ባለአክሲዮኑ ያወጣውን መልሶ አገኘ እንጂ አላተረፈም፤ ግብሩ ሲቀነስማ ከስሯል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ 37.2 በመቶ ደርሶ ስለነበር ምሳሌው የተጋነነ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ስለነበረ፣ ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠው ደግሞ የባሰ ተጎድቷል።

ለዚህ ነገር ሰበታ ራሷ ምስክር አላት። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ከተወረሰ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር 17 ብር ገደማ ነበር፤ ኩባንያው ፋብሪካውን ለሌላ ባስተላለፈበት በ2014 ዓ.ም. ግን ከ50 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ በብር የሚገኘው ትርፍ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት እጥፍ ያህል ካላደገ፣ በዶላር ሲሰላ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን አስመጪው ሁሉ በሚገባ ተረድቶታል።

ይህ ሲባል አክሲዮን ከቶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። መሬት፣ ሕንፃና መኪና ያለው፣ የሚሸጠውንም ዕቃ ዋጋ ከገበያው ጋር ማስተካከል የሚችል ማኅበር ሀብቱ ከዋጋው ጋር አብሮ ያድጋል። ነገር ግን ዕድገቱ ለባለአክሲዮኑ የሚደርሰው አክሲዮኑ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ሳይሆን በእውነተኛ ዋጋው ሲሸጥ ነው። በቀድሞው ዘመን በአዲስ አበባ የነበረው የአክሲዮን መገበያያ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከተዘጋ ጀምሮ፣ ይህን ዋጋ በይፋ የሚያሳውቅ ገበያ ለረዥም ዘመን አልነበረም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ገበያው ዋጋን ይገልጻል እንጂ ለትርፍ ዋስ አይሆንም።

ስለዚህ አክሲዮን የሚገዛ ነጋዴ የትርፍ ድርሻውን መቶኛ ብቻ ሳይሆን፣ የማኅበሩ ሀብት ምን እንደሆነ፣ ትርፉ ከዋጋ ንረቱ መብለጡን፣ አክሲዮኑም በምን ዋጋ ለማን እንደሚሸጥ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ለስኳሩ ኩንታል የሚያደርገውን ሒሳብ ለአክሲዮኑም ያድርግለት።