ጋዋን ወይስ መለዮ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ደሴ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ የምክር ሸንጎ ይሆናል። እናት «ልጄ ዶክተር ይሁንልኝ» ትላለች። አጎት ደግሞ «ፖሊስ ቢሆን ቶሎ ደመወዝ ይበላል» ይላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ገንዘብና ክብር ላይ ያልቃል። ሁለቱ ሙያዎች በትክክል የት እንደሚለያዩ ለማየት ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ይሻላል።

መንገዱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ሚኒባስ ገጨ እንበል። ትራፊኩ ደርሶ ሜትር ይዘረጋል፤ የፍሬኑን ምልክት ይለካል፣ ፕላን ያነሳል፣ ሾፌሩን ይይዛል። ቁስለኞቹ ሽቅብ ወደ ደሴ ሆስፒታል ይወሰዳሉ። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ማን እንዳጠፋ አይጠይቅም፤ የሚለየው ማን ቶሎ ሊሞት እንደሚችል ነው። ሾፌሩ ክፉኛ ደምቶ ከሆነ ከተሳፋሪዎቹ ቀድሞ ይታያል። ያው ሰው ለአንዱ ተጠርጣሪ፣ ለሌላው ታካሚ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ሥልጣን ነው። ታካሚ ራሱን እስካወቀ ድረስ «አልታከምም» ማለት ይችላል፤ ሐኪሙ ያስረዳል እንጂ አያስገድድም። ፖሊስ ግን እምቢ ያለን ሰው መያዝ ሥራው ነው። ስለዚህም ሕግ ሰዓት ቆርጦለታል፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረሻ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ሰዓት ሌላ ነው፤ ዱቲ ገብቶ እስኪነጋ ቆሞ የሚያድርበት ሰዓት።

ሁለቱ የሚገናኙት ወረቀት ላይ ነው። ሰው ተደብድቦ ሲመጣ ፖሊስ ሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሆን ተብሎ የተፈጸመን ከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555፣ ቀላሉን በ556 ያያል። የመጀመሪያው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በመሠረቱ ከአንድ ዓመት ቀላል እስራት አያልፍም። ሐኪሙ የጻፋት ሁለት መስመር የአንድን ሰው ዕድሜ ልትወስን ትችላለች ማለት ነው። የአስከሬን ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ዋና መመርመሪያ አዲስ አበባ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ወንጀል መመርመር የሚማርከው ተማሪ ጋዋን ለብሶም ሊያደርገው ይችላል።

«የመንግሥት ሥራ ዋስትና ነው» የሚለውን ወሎ በዓይኑ አይቶ ፈትኖታል። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ መንግሥት ከተሞቹን መልሶ የያዘው በኅዳር መጨረሻ ነው። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን አባላቱ መከላከያን ወይም ፖሊስን እንዲቀላቀሉ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በግጭት ውስጥ መለዮ ኢላማ መሆኑን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ግንቦት 2017 ላይ ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ አልበቃን ብለው ሥራ አቆሙ፤ የታሰሩም ነበሩ። በዋስትና ሚዛን ሁለቱም ቀለዋል።

የሚቀረው የበር ጉዳይ ነው። የሕክምና በር ጠባብ ነው፤ ቶሎም ይዘጋል። የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርትና ከፍተኛ ውጤት ይጠይቃል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ቢያስተምርም ከስድስት ዓመት ባነሰ አያልቅም። የፖሊስ በር ሰፋ ይላል፤ በደብረ ማርቆሱ የክልሉ ፖሊስ ኮሌጅም በሰንዳፋው ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም ይገባል። ሐኪም ኋላ ወደ አስከሬን ምርመራ ወይም ወደ ፖሊስ ሆስፒታል ሊሻገር ይችላል። ከመርማሪነት ወደ ሐኪምነት ግን መንገዱ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ስለዚህ ልቡ ለሁለቱም እኩል የሆነ ልጅ ቀድሞ የሚዘጋውን በር ያንኳኳ። እናንተ ወላጆች ደግሞ ቡናው ሳይነሳ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሐረጎ ላይ ቢደርስ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቁስለኛው ነው ወይስ ወደ ሾፌሩ?