የአንድ ወር መድኃኒት፣ የዕድሜ ልክ ማስታመም

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጠበቃና ከዳኛ በቀር ብዙ ሰው የማያነበው አንድ አንቀጽ አለው፤ ቁጥሩ 342 ነው። ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለበት አካባቢ አንድ ሰው እብደቱ የታወቀ ነው የሚባለው ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሲጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክሉት ነው ይላል። ከእሱ በፊት ያለው አንቀጽ ደግሞ ሆስፒታል ስለገባው ሰው ይናገራል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የአገሩን ነገር ተረድተውታል። ሆስፒታል በሌለበት ሆስፒታሉ ቤት ነው። ይህ ከተጻፈ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬም ሐኪሙ የወር መድኃኒት ጽፎ ያሰናብታል፣ ወሩን ሙሉ የሚያክመው ግን አስታማሚው ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች እንውሰድ። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ሆነዋል። የነዚህ ከተሞች ሰው ልጁ ወይም ወንድሙ ሲታመምበት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሄድ የኖረው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደተቋቋመው፣ መርካቶ አካባቢ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል። እርግጥ ቡራዩ የራሷ የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል አላት። ግን የገፈርሳው ማዕከል ሕክምናውን ጨርሶ ረዘም ያለ ማገገም የሚያስፈልገውን ሰው የሚቀበል ነው፤ ሌሊት ልጇ በር ሰብሮ ለወጣባት የሰፈሩ እናት የሚደርስ አይደለም።

የሰበታዋ እናት በአየር ጤና፣ የቡራዩዋ በአስኮ፣ የሱሉልታዋ በአዲሱ ገበያ አድርገው ይመጣሉ። በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው። ሕመም የተነሳበትን ጎልማሳ በሚኒባስ ታክሲ ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው በግራ፣ አንድ ሰው በቀኝ ይይዙታል፤ የሦስት ሰው ሂሳብ ይከፈላል፤ ረዳቱ «አላሳፍርም» ካለ ኮንትራት ይፈለጋል። ሁለቱ ያዦች የቀን ሠራተኞች ከሆኑ የዚያን ቀን ቤት የሚገባ ገንዘብ የለም። መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ከጠፋ ደግሞ ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት ነው። ትንሽ ሲሻለው «አሁንማ ድኗል» ተብሎ ቀጠሮው ይዘለላል፤ ሕመሙ ያገረሻል። ሐኪሞች መድኃኒት አቋረጠ ብለው ይጽፋሉ። እኔ ግን ያቋረጠው የትራንስፖርት ሂሳቡ ይመስለኛል።

ቤተሰብ የሚሸከመው ወጪ ብቻ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ቡታጅራ ላይ በተደረገ ጥናት ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ዘመዶች 178ቱ ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ ከመቶ 37ቱ ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ከመቶ 65ቱ ደግሞ የሚመርጡት ፈውስ ጸሎት መሆኑን ገለጹ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የተማረውን ሰው ያናድደዋል፤ «ጠበል ለጠበል ሲያንከራትቱት ጊዜው አለፈ» ይላል። ወቀሳው ቀላል ነው። ጠበሉ ቀጠሮ አይጠይቅም፣ ማንንም አይመልስም፣ የታመመውን ሰው ከነጩኸቱ ይቀበለዋል። የጤና ተቋሞቻችን ስንቶቹ ይህን ያደርጋሉ? ጥፋት የሚመጣው አጥማቂው ወይም ቤተሰቡ «ጠበል ከያዝክ ኪኒን አትንካ» ሲል ነው። ለዚህ መልስ ከቤተ ክርስቲያን ራሷ ተሰምቶ ያውቃል። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ኤችአይቪ ያለባቸው ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ያው ቃል ለአእምሮ ሕሙማንም በየጠበሉ ቦታ፣ በየአጥማቂው አፍ ሊነገር ይገባል።

በየቤቱ ሕሙማን የሚታሰሩበት ሰንሰለትስ? ሰንሰለት ቁስል ነው፤ የሰው ልጅ በምሰሶ ታስሮ ሊኖር አይገባም። ሆኖም በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ ያጠኑ ባለሙያዎች ዘመዳቸውን በሰንሰለት ያሰሩትን ቤተሰቦች ሲጠይቁ ያገኙት ጭካኔ አልነበረም። ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ጎረቤት እንዳይጎዳ፣ ወይም ወደ ሕክምና ለማድረስ ሲባል የታሰረ ብዙ ነው፤ ድህነትና የመድኃኒት እጦት ደግሞ እስሩን ያራዝሙታል። ሰንሰለቱን ፍቱ ብሎ መፎከር ይቻላል። ከፈቱት በኋላ ሌሊቱን ማን ነቅቶ ያድራል?

ችላ ማለት ምን እንደሚያስከፍል ያየነው እዚያው ቡታጅራ ነው። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሏቸው 121ዱ ሞቱ፤ የሞት መጠናቸው ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ነው። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው፣ ማለትም ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያክመው የሚችለው ዓይነት።

መፍትሔውን ከውጭ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እዚሁ ተሞክሯል። በጉራጌ ዞን በተደረገ ሙከራ ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሰጡት ክትትል የሥነ አእምሮ ነርሶች ሆስፒታል ላይ ከሚሰጡት አላነሰም። ሶዶ ላይ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ከነቤተሰባቸው ረዱ። 166 ሕሙማን በተሳተፉበት በዚህ ጥናት፣ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የቤት ድጋፍ ያገኙት ሰዎች ከዓመት በኋላ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ችለዋል። ውጤቶቹ የታተሙት በ2014 ዓ.ም ገደማ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ጨምሯል፣ ግን ለየቤቱ የሚበቃ ሐኪም በእኛ ዕድሜ አይመጣም። ስለዚህ ለሸገር ከተማ አስተዳደርና ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ የሚቀርበው ጥያቄ አዲስ ሆስፒታል ሥሩልን አይደለም። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይኑር፤ በወር አንዴ የሚወጋው መርፌ እዚያው ይሰጥ፤ ሕክምናውን የማህበረሰብ ጤና መድህን ይሸፍነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለክትባት በምትዞርበት መንገድ የታመመ ሰው ያለበትን ቤትም ታንኳኳ። እድሮችም ለለቅሶ የሚያወጡትን ተራ ለአንዲት አስታማሚ እናት ቢያወጡላት፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ተኝታ ታድራለች።