ሽቦ አልባ መዳረሻን ከሩቅ መከታተል፤ አደራረጉና የሚያሻው ጥንቃቄ

በስደት የሚገኙ ማኅበራት በየቤተ መጻሕፍታቸውና በየስብሰባ አዳራሻቸው ሽቦ አልባ የኮምፒዩተር መረብ መዘርጋት ከጀመሩ ሰንበት ብለዋል። መረቡን የሚተክለው አብዛኛውን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ተክሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መረቡ ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ ምክንያቱን የሚያውቅ አይገኝም፤ መሣሪያውን ከሶኬት ነቅሎ መልሶ መሰካት ብቸኛው መድኃኒት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው በእንግሊዝኛ አክሰስ ፖይንት የሚባለውን፣ እኛ ግን መዳረሻ ያልነውን መሣሪያ ከሩቅ ለመከታተል የሚያስችለውን ሥርዐት ነው። አያይዘንም ይኸው ሥርዐት በግዴለሽነት ከተተወ ለማን እንደሚጠቅም እናመለክታለን።

ሥርዐቱ በምሕፃረ ቃል ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. ይባላል፤ ቀላል የመረብ አስተዳደር ፕሮቶኮል ማለት ነው። የመጀመሪያው መግለጫ የወጣው በ1988 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩ በሁለት ወገን የቆመ ነው። በመዳረሻው ውስጥ ወኪል የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይኖራል፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ጠያቂው ጣቢያ፣ ማለትም አንድ ተራ ኮምፒዩተር አለ። ጣቢያው በዩ.ዲ.ፒ. 161ኛ በር ይጠይቃል፤ ወኪሉ ይመልሳል። አስቸኳይ ነገር ሲደርስ ግን ወኪሉ ሳይጠየቅ ወደ ጣቢያው 162ኛ በር ማስታወቂያ ይልካል። የሚጠየቀው ነገር የሚታወቀው በቁጥር ነው። ለምሳሌ 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ብሎ የጠየቀ፣ ወኪሉ ሥራ ከጀመረ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይነገረዋል። መልሱ የሚቆጠረው በሰከንድ መቶኛ ስለሆነ ከ497 ቀናት ገደማ በኋላ ቆጠራው ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህ ዜሮ ያየ ሁሉ መብራት ጠፍቶ ነበር ብሎ መደምደም የለበትም።

ዋናው ችግር ያለው በመታወቂያው ላይ ነው። የመጀመሪያው እትምና በ1996 የወጣው ሁለተኛው (በቅጥያው "ሲ" የሚባለው) ጠያቂውን የሚለዩት በአንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የማኅበረሰብ ስም ይባል እንጂ ግብሩ የይለፍ ቃል ነው፤ ያውም ሳይመሰጠር በግልጽ የሚጓዝ የይለፍ ቃል። ፋብሪካዎች ለማንበቢያ "ፐብሊክ"፣ ለመለወጫ "ፕራይቬት" የሚሉትን ቃላት የማስቀመጥ ልማድ ስለነበራቸው፣ ቃሉን ሳይለውጥ መሣሪያውን የተከለ ሰው ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ እንደሄደ ይቆጠራል። በየካቲት 2002 ደግሞ የፊንላንዱ የኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ ፋብሪካዎች ምርት ውስጥ የሚገኙ ወኪሎች በተዛባ መልእክት ሊደናቀፉ እንደሚችሉ አሳይተው ነበር። መፍትሔው ሦስተኛው እትም ነው፤ በታኅሣሥ 2002 ሙሉ ደረጃ አግኝቷል። ይህ እትም የጠያቂውን ማንነት ያረጋግጣል፤ መልእክቱንም ይመሰጥራል።

አደራረጉን በተመለከተ፣ አስቀድሞ መዳረሻው ወኪል ያለው መሆኑን ማጣራት ይገባል፤ ለመኖሪያ ቤት ከሚሸጡት ርካሽ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የላቸውም። ወኪል ካለው በመሣሪያው የአስተዳደር ገጽ ገብቶ አንደኛውንና ሁለተኛውን እትም መዝጋት ያስፈልጋል። ሦስተኛውን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ አሮጌዎቹ ጎን ለጎን ክፍት ሆነው የሚቀሩባቸው መሣሪያዎች አሉና። ቀጥሎ አንድ ተጠቃሚ ይፈጠራል፤ ለማረጋገጫው ኤስ.ኤች.ኤ.፣ ለምስጠራው ከ2004 ጀምሮ የተጨመረው ኤ.ኢ.ኤስ. ይመረጣሉ፤ ለሁለቱም የተለያዩና ረዘም ያሉ የምስጢር ሐረጎች ይሰጣሉ። ፈቃዱ ለማንበብ ብቻ ይሁን፤ የመለወጥ ፈቃድ ያለው ሰው የመረቡን ስምም ሆነ የሬዲዮውን መስመር ከሩቅ ሊለውጥ ይችላል። በመጨረሻም ወኪሉ ከጣቢያው አድራሻ በስተቀር ለማንም እንዳይመልስ ይታዘዛል፤ ቢቻል የአስተዳደሩ መስመር እንግዶች ከሚጠቀሙበት መረብ ይለያል።

ምን እንጠይቅ ለሚለው፣ የተጓዘው የመረጃ መጠን፣ የተያያዙት መሣሪያዎች ብዛትና በሬዲዮው ላይ ተበላሽተው ዳግም የተላኩት መልእክቶች ይበቃሉ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነን፤ የመረጃው መጠን አነስተኛ ሆኖ ዳግም የሚላከው ከበዛ ጥፋቱ የኢንተርኔት አቅራቢው ሳይሆን የአየሩ መጨናነቅ ነውና። በመጠኑ ቆጠራ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አሮጌው ቆጣሪ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ 4,294,967,296 ባይት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት በሚጓዝበት መስመር ይህ የሚሆነው በ34 ሰከንድ ነው። በየአምስት ደቂቃው የሚጠይቅ ጣቢያ በመካከሉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ማወቅ አይችልም፤ የሚስለውም ሥዕል ሐሰት ይሆናል። ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ መጠየቅ ግድ ነው። ሥዕሉን ለመሳል ነጻ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነውን ኤም.አር.ቲ.ጂ.ን ቶቢ ኦይቲከር የጀመረው በ1994 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ በዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መነሻውም ተቋሙ ወደ ውጭ የነበረውን አንዲት የ64 ኪሎ ቢት መስመር ሁኔታ የማወቅ ፍላጎት ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መሣሪያው ነው። ይሁንና ከወኪሉ የሚገኘው መረጃ ሰዎችንም ይነካል። ብዙ መዳረሻዎች የተያያዘውን እያንዳንዱን ስልክ አድራሻ ዘርዝረው ይሰጣሉ፤ ጣቢያው ይህን በየአምስት ደቂቃው ከመዘገበ በየትኛው ስብሰባ ማን ተገኘ፣ መቼ መጣ፣ መቼ ወጣ የሚል መዝገብ ተዘጋጀ ማለት ነው። የቅርብ ጊዜ ስልኮች እውነተኛ አድራሻቸውን ይሰውራሉ፤ ነገር ግን ለአንድ መረብ በአብዛኛው አንድ የተዋሰ አድራሻ ይዘው ስለሚቆዩ ተደጋግሞ የመጣን ሰው መለየት አያዳግትም። በ2014 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በአሜሪካና በቤልጂየም የነበሩ የኢሳት ጋዜጠኞች የስለላ ሶፍትዌር እንደተቃጣባቸው ይፋ አድርጓል። በዚያን ጊዜ የተሞከረው መንገድ ሌላ ቢሆንም፣ የስደተኛ ማኅበር መዝገብ ፈላጊ አያጣም።

ስለዚህ ጣቢያው የተያያዙትን መሣሪያዎች ብዛት ብቻ እንዲጠይቅ፣ ዝርዝሩን ግን እንዳይነካ ይደረግ። ይህን በጣቢያው በኩል ብቻ ማድረግ አስተማማኝ አይደለም፤ ሦስተኛው እትም ለአንድ ተጠቃሚ የሚታየውን የመዝገብ ክፍል በወኪሉ በኩል ለመወሰን ስለሚያስችል ክልከላው እዚያው መዳረሻው ላይ ቢጻፍ ይመረጣል። ከዚያም ከኔት-ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. ጋር በሚመጣው መፈተሻ ሁለት ጊዜ መሞከር ነው፤ አንድ ጊዜ በትክክለኛው ተጠቃሚ ስም፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሌላ ኮምፒዩተር "ፐብሊክ" በሚለው ቃል። ሁለተኛው ሙከራ መልስ ካገኘ አሮጌው በር አልተዘጋም።