እበቱ፣ በቀቀኑና ሁለቱ ፕሮፌሰሮች

ጆን የሚባል ልጅ ጣቱን እሳት ይፈጀዋል። ለቃጠሎ የላም እበት ፍቱን ነው ሲባል ተሰምቷልና እበት ይቀባል፤ ቁስሉ ግን ያመረቅዛል። በኡጋንዳ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የገለጡት ኮሚክ ታሪኩን የሚጀምረው በዚህች ጣት ነው። ጆንና እህቱ ጁሊ ቀጥሎ ሁለት የጤና ተመራማሪዎችን ይተዋወቃሉ፤ ስማቸው ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ ፕሮፌሰር ሚዛንና ፕሮፌሰር ንጽጽር እንደማለት ነው። አንድ በቀቀንም አለ፤ ሥራው የሰማውን መድገም ብቻ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እየተባለ ላደገ አንባቢ ይህ ወፍ ባዕድ አይሆንበትም።

መጽሐፉን ያዘጋጁት የካምፓላው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌይ የሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው። ከኡጋንዳ በኩል ሥራውን ከመሩት መካከል አለን ንሳንጊና ዳንኤል ሰማኩላ ይገኙበታል፤ ከኖርዌይ በኩል አንዲ ኦክስማን። ኦክስማን ብዙ ዓመት የሕክምና መረጃ ሲያበጥር የኖረ ሰው ነው። ይህን ለልጆች የማስተማር ሐሳብ የመጣለት ግን የአሥር ዓመት ልጁ የሚማርበት ክፍል ገብቶ ተማሪዎቹን በቸኮሌት ከረሜላ ከፈተናቸው በኋላ ነው። ቀይዋን ከረሜላ የበሉ ወጣቶች ደስ የሚል ስሜት ተሰምቷቸዋል፣ ሥዕልና ጽሕፈትም ፈጥኖላቸዋል፤ እውነት ይሆን? ብሎ ከረጢቱን ሰጣቸው። ልጆቹ ማንም ሳያስተምራቸው ቀዩን ከሌሎቹ ቀለማት ጋር ማወዳደር እንዳለባቸው ደረሱበት፤ የሚበላውም ሰው ቀለሙን ካየ ፍርዱ እንደሚዛባ ገባቸው። ዶክተሮች ለዓመታት የሚማሩትን ነገር የአሥር ዓመት ልጅ በከረሜላ ደረሰበት ማለት ነው።

መጽሐፉ ዋጋ የሚያገኘው እንደኔ እዚህ ላይ ነው። እበት መጥፎ ነው፣ ክኒን ጥሩ ነው ብሎ አያበቃም። እንዲህ ቢሆን ኖሮ በቀቀኑን በሌላ በቀቀን መተካት ነበር። ልጁን የሚያስታጥቀው ጥያቄ ነው፦ ከምን ጋር አወዳድረህ ነው? «አክስቴ ቀብታው ድና ነበር» የሚል ወሬ ለምን ማስረጃ አይሆንም? ብዙ ቃጠሎ ምንም ሳይቀቡት ይድናልና፣ አክስትየዋ ባትቀባውስ ኖሮ የሚለውን የሚነግረን የለም። የኖረ ልማድ ስለሆነ ብቻ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ አዲስ ስለሆነም እንደዚያው። የሚሸጠው ሰው ሲያሞግሰው ደግሞ ጠርጠር ነው። እንዲህ ያሉ አሥራ ሁለት ነጥቦች ተመርጠው በሥዕል ተተርከዋል። ይህን ስጽፍ በየቤታችን ለቃጠሎ የሚወጣው የጥርስ ሳሙና ትዝ አለኝ፤ እሱን ያዘዘው በቀቀን ማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

አዘጋጆቹ ኮሚክን የመረጡት ለማሳመር አልነበረም። መብራትና ኮምፒውተር ለሌለው፣ ተማሪ ለሞላበት ክፍል የሚሆነው የታተመ ወረቀት ነው። ረቂቁን እየሣሉ ከአስተማሪዎችና ከተማሪዎች ጋር ደጋግመው ሞከሩት፤ ያልገባቸውን ነገር አወጡ፣ አስተካከሉ። ልጁ ሲያነብ የራሱን መንደር፣ የራሱን ዓይነት ሰው፣ የጎረቤቱን ምክር ያያል። ለአስተማሪው መምሪያ፣ ለተማሪው የመልመጃ ደብተር ተጨመረ። ትምህርቱ በአንድ ወሰነ ትምህርት ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ 80 ደቂቃ።

ከዚያ መጽሐፉ ራሱ በሚያስተምረው ሚዛን ላይ ወጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. በማዕከላዊ ኡጋንዳ ከሚገኙ 120 ትምህርት ቤቶች ግማሾቹ በዕጣ መጽሐፉን እንዲያስተምሩ ተመደቡ፣ ግማሾቹ እንደ ወትሯቸው ቀጠሉ። የተፈተኑት ልጆች ከ10,000 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከ10 እስከ 12 ዓመት ነበሩ። ፈተናው 24 ጥያቄ ነበረው። ከተማሩት 69 በመቶ፣ ካልተማሩት 27 በመቶ አለፉ፤ ውጤቱ በ2017 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ።

ቁጥሩ ያስደስታል፤ ግን ፕሮፌሰር ንጽጽር ቢጠየቁ ዝም አይሉም ነበር። የተማረ ልጅ ስለተማረው ነገር ሲጠየቅ ካልተማረው ቢበልጥ ብዙም አይደንቅም። ፈተናው ልጁ በወረቀት ላይ ማመዛዘኑን እንጂ ማታ ቤት ውስጥ ጣቱ ሲቃጠል የሚያደርገውን አይለካም። ደግሞ ታላቁን «እንዴት አወቁት?» የሚል ልጅ በየቤቱ እንዴት እንደሚታይ ለእኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ጥያቄው እንደ ድፍረት ተቆጥሮ ቁንጥጫ ሊያተርፍ ይችላል። አጥኚዎቹም ይህን ዓይነት ግጭት ሊመጣ ከሚችል ጉዳት ቆጥረው ተከታትለውታል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ልጆቹ እንደገና ሲፈተኑ ያላቸውን አልጣሉም፤ ከተማሩት 80 በመቶ ያህሉ አለፉ። ያልተማሩትም አድገዋልና ግማሽ ያህሉ አልፈዋል። ለወላጆች ደግሞ መጽሐፍ ሳይሆን ፖድካስት ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ጥሩ ውጤት ቢያሳይም ዓመት ሲያልፍ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። ልጆቹ ደብተር ይዘው፣ አስተማሪ ፊት፣ ዘጠኝ ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ወላጆቹ በጆሯቸው ሰምተው አለፉ። ሁለቱ ጥናቶች የተለያዩ ስለሆኑ ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ እኔ ግን ደብተሩን እጠረጥራለሁ።

ቀጥሎ ሥራው ወደ ኬንያና ሩዋንዳ ሰፋ፤ መጽሐፉም ወደ ስዋሂሊና ኪንያሩዋንዳ ተመለሰ። በ2022 በሦስቱም አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተራ ደረሰ። ለእነሱ የተሰናዳው ትምህርት በሁለት መልክ ቀረበ፦ ፕሮጀክተር ላለው ክፍል አንድ፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ላለው ሌላ።